የቢሮ ፋይል የት እናስቀምጥ? ጉግል ድራይቭ፣ ዋንድራይቭ ወይስ ሌላ? (ድሬዳዋ፣ አምስት ሠራተኛ)

የዶሴ ጠባቂ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራ ውስጥ አነስተኛ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ አለኝ። አምስት ነን፤ ሦስታችን እዚህ፣ አንዱ ጅቡቲ ድንበር ላይ ደወሌ፣ አንዷ አዲስ አበባ። ሥራችን ወረቀት ነው፤ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የመርከብ ሰነድ፣ የባንክ ፈቃድ፣ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ)። ሁሉም ስካን ይደረግና በቴሌግራም ቡድናችን ይላካል፤ ከዚያም አንዱ ጉግል ድራይቭ ላይ በየደንበኛው ስም ያስቀምጠዋል። እስካለፈው ወር ድረስ በዚህ አሠራር እኮራ ነበር።

ባለፈው ወር ያ «አንዱ» ሥራ ለቀቀ። በሰላም ነው የለቀቀው፤ ቡና ጠጥተን መርቀን ሸኘነው። ከሳምንት በኋላ የአንድ ደንበኛን የሁለት ዓመት ሰነድ ስንፈልግ ፎልደሩ የለም። ለካ ልጁ ስልኩ «ቦታ ሞልቷል» እያለ ሲያስቸግረው፣ ከእንግዲህ የማይፈልገው የድሮ ሥራ ነው ብሎ ሰርዞታል። ፎልደሩን የከፈተው በግል ኢሜይሉ ነበር። እኛ የቢሮ ነው እያልን ሦስት ዓመት የተጠቀምንበት ሁሉ የእሱ ንብረት ኖሯል። ደግነቱ ስንደውልለት ከመጣያው አውጥቶ መለሰልን፤ 30 ቀን ስላልሞላው ነው እንጂ ቀልጦ ይቀር ነበር።

አሁን ነገሩን በወጉ መሥራት ፈልጌአለሁ። ያለን ፋይል 40 ጊጋባይት ገደማ ነው። ጉግል ድራይቭ፣ ዋንድራይቭ፣ ድሮፕቦክስ ወይስ ሌላ? በነጻ ይቻላል?

የታይዋን ጠጋኝ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

ወንድሜ፣ ስለ ጊጋባይት ትጠይቃለህ እንጂ ያጋጠመህ የጊጋባይት ችግር አይደለም። ያም ሆኖ ቁጥሩን ልንገርህና እንለፈው። ጉግል በነጻ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ይህ ግን ለድራይቭ ብቻ አይደለም፤ ጂሜይሉም ፎቶውም ከዚያው ላይ ይበላሉ። ፎቶ መቆጠር የጀመረው በፈረንጆቹ ከሰኔ 2021 ወዲህ ነው። ምናልባት የልጁን ቦታ የሞላው የእናንተ ዲክላራሲዮን ሳይሆን የእህቱ ሠርግ ይሆናል። ዋንድራይቭ በነጻ 5፣ ድሮፕቦክስ 2 ብቻ ነው፤ ድሮፕቦክስ በነጻው ላይ ከሦስት መሣሪያ በላይም አያገናኝም። ሜጋ የሚባለው 20 ይሰጣል። አንተ 40 ይዘህ መጥተሃል፤ ስለዚህ የነጻው በር ተዘግቷል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በጉግል ድራይቭ የግል አካውንት ላይ ፋይል የሚቆጠረው በከፈተው ወይም በጫነው ሰው ስም ነው። ፎልደሩ የአንተ ቢሆንም ጸሐፊህ በገዛ ኢሜይሏ የጫነችው ወረቀት የእሷ ነው፤ የሚቀነሰውም ከእሷ ቦታ ነው። እሷ ለዘለቄታው ከሰረዘችው ለሁላችሁም ይጠፋል። ስለዚህ የትኛው ኩባንያ ይሻላል ከማለትህ በፊት «ይህ ፋይል የማን ነው?» በል።

የዶሴ ጠባቂ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ገባኝ። ግን አምስታችንም በየስማችን ነጻ አካውንት ብንከፍት 75 ጊጋ አይሆንም?

ሒሳብ ሹሟ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

አምስት ቁልፍ ያለው አንድ ካዝና ሳይሆን አምስት ካዝና በአምስት ኪስ ይሆንብሃል። አንድ ልጅ ሲለቅህ ምን እንደሆንክ አይተሃል። በዚያ ላይ ለትርፍ ተብሎ ተከፍቶ የተረሳ አካውንት ዕድሜ የለውም፤ ጉግል በፈረንጆቹ 2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ሁለት ዓመት ሳይነካ የቆየ የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰረዝ ይችላል። የጉምሩክ ኦዲተር ደግሞ የሚመጣው አንተ የረሳኸውን ዓመት ፍለጋ ነው።

የደቻቱ ማዶ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ይህን ክላውድ የሚባለውን፣ ፋይልን በኢንተርኔት ሌላ ቦታ ማስቀመጡን፣ ልጆቼ ናቸው ያስተማሩኝ። አንዱ ልጄ «ደመና ማለት ነው» ሲለኝ ሳቅሁ። ለድሬ ሰው ደመና ማለት በደንገጎ ተራራ በኩል ሲጠቁር ነው። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ የደቻቱ ወንዝ ከላይ ሞልቶ ይመጣል።

በ1998 ሐምሌ 30 ሌሊት የመጣውን ጎርፍ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሰው ባለቀበት ሌሊት ስለ ወረቀት ማውራት ነውር ይመስለኝ ስለነበር ለማንም አላወራሁም፤ ግን የእኔም የንግድ ዶሴ በሙሉ በጭቃ ሄዷል። የማን ብድር እንዳለብኝ፣ ማን እንዳለበት፣ ሁሉም በቃል ቀረ። ሰዎች እግዜር ይስጣቸው፣ ብዙዎቹ ራሳቸው መጥተው «ይህን ያህል አለብኝ» አሉኝ። ያልመጡም ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም፤ አሁንም ሰላም እንባባላለን።

እና ምክሬ አጭር ነው፤ አንድ ቅጂ ከዚህ ከተማ ውጭ ይኑር። በምንም ስም ጥሩት።

ሐረር ፎቶ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

አባባ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ይዘህ እስካሁን ዝም ማለትህ! (ለአዲስ አበባ አንባቢ፦ እዚህ አገር ትልቅ ሰውን «አንተ» ማለት ድፍረት አይደለም፤ አስተዳደጋችን ነው።)

እኔ ሸዋ በር አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። የእኔ ሁኔታ ከጠያቂው ይለያል፤ አንድ ሠርግ በቪዲዮ 60 ጊጋባይት ይወጣዋል። ያንን ኢንተርኔት ላይ ልስቀል ብል ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ይመጣሉ። ስለዚህ እኔ ሁለት ሀርድ ዲስክ ነው የምጠቀመው፤ አንዱ ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ሌላው ጀጎል ውስጥ እናቴ ቤት። ክላውድ ላይ የማወጣው ደንበኛው የመረጠውን መቶ ፎቶ ብቻ ነው፤ ያንንም ለማስረከቢያ እንጂ ለማስቀመጫ አይደለም። ሀርድ ዲስኩን እናቴ ከጌጥ ሣጥኗ ጋር ትቆልፍበታለች፤ ከእሷ እጅ ለማውጣት ሦስት ጥያቄ ልመልስ ይገባኛል። የትኛውም ኩባንያ እንዲህ ያለ ጥበቃ የለውም።

የታይዋን ጠጋኝ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ይህ ልጅ ሳያውቀው ዋናውን ደንብ ተናግሯል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የኮምፒውተር ሰዎች ከጥንት የሚሉት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ክላውድ ካለኝ መጠባበቂያ አለኝ ይላል። ድራይቭም ሆነ ዋንድራይቭ ላፕቶፑ ላይ ሲገናኝ ሥራው ማመሳሰል ነው። እዚህ የሰረዝከውን እዚያም ይሰርዝልሃል፤ ላፕቶፕህን ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢይዘው የተቆለፈውን ፋይል በታማኝነት ወደ ላይ ያወጣልሃል። መጣያውና የቀድሞ ቅጂዎች ማኅደር አሉ፤ ግን ቀን ተቆርጦላቸዋል። ኩባንያውም ይሳሳታል። በኅዳር 2023፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የጉግል ድራይቭ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ በተፈጠረ ስህተት የወራት ፋይላቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ፤ ኩባንያው ራሱ አምኖ መመለሻ መንገድ አውጥቶለታል። ጉግል ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። አርብ አርብ ሁሉንም ሀርድ ዲስክ ላይ ገልብጠህ ነቅለህ አስቀምጥ ማለቴ ነው። ተሰክቶ የሚውል ሀርድ ዲስክ መጠባበቂያ አይባልም፤ ቫይረሱ እሱንም ያገኘዋል።

የአዲስ አበባው መሐንዲስ — ረቡዕ፣ ከረፋዱ 4፡40

የተከበሩ ጠያቂ፣ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ለምን የራስዎን አያቋቁሙም? ኔክስትክላውድ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ፋይሉ ቢሮዎ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሠራተኞችዎ ከያሉበት ይገቡበታል። የወር ክፍያ የለውም፤ ሰነዱም ከአገር አይወጣም።

የዶሴ ጠባቂ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡12

«እርስዎ» ሲሉኝ ወንበር ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥሁ! ሐሳብዎ ደስ ይላል፤ ግን ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት ቢሮዬን ይጎብኙልኝ። ማራገቢያው ሰው አያቀዘቅዝም እንኳን ሰርቨር። መብራት ሲጠፋ ደወሌ ያለው ልጅ ጭነት አስቁሞ ይጠብቀኛል ማለት ነው። ደግሞስ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

የታይዋን ጠጋኝ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

እኔ። ግን አስከፍልሃለሁ፤ ከወር ክፍያው ይበልጥብሃል።

መስመር — ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡05

ማንም ስለ ኢንተርኔቱ አላነሳም። 40 ጊጋባይት መጀመሪያ የምትጭንበት ቀን አለ። ወደ ላይ የሚወጣው ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢሆን፣ ሳይቋረጥ 18 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሻጭ የሚነግርህ ወደ ታች የሚወርደውን ፍጥነት ነው፤ ቢሮ የሚሰቃየው በሌላኛው ነው። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት፣ በየደንበኛው እየከፋፈላችሁ ጫኑ። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ ሙከራውን በነሐሴ 2014 የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት መስመር የመያዝ ዕድል አለን። አንዱ ሲደክም በሌላው ቀጥሉ።

ሌላው፣ ስካን የምታደርጉበትን መጠን እዩ። አንድ ኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ በቀለም ሲነሣ ከመጨመቁ በፊት 26 ሜጋባይት ነው፤ በ200 ነጥብ ያለ ቀለም 4 አይሞላም። ከ40 ጊጋው ግማሹ ከንቱ እንደሆነ እገምታለሁ።

የዶሴ ጠባቂ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡40

ያለ ቀለም አይሆንም። ማኅተሙ ሰማያዊ መሆኑ ካልታየ ፎቶ ኮፒ ነው ይሉናል።

መስመር — ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡44

በቀለም 200 አድርገው። እሱም ከግማሽ በታች ነው።

ሒሳብ ሹሟ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁም ስለ ቤቱ ታወራላችሁ፤ እኔ ስለ ዕቃው አደራደር ልናገር። አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ሒሳብ ስሠራ ፋይል ከተሰረዘበት ይልቅ እያለ የጠፋበት ቀን ይበዛል።

መጀመሪያ ስም። አንዱ ሠራተኛ «ሐሰን» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀሰን»፣ ሦስተኛው «ሃሰን»። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በአንዱ ፊደል ብትፈልግ የሌላውን አያመጣልህም። ዓለሙና አለሙ፣ ፀጋዬና ጸጋዬም እንደዚሁ። እኔ ቢሮዬ ውስጥ ደንብ ያወጣሁት ከተጣላን በኋላ ነው፤ ፋይል በቁጥር ይጀምራል፣ ስም ይከተላል። ለአንተ የዲክላራሲዮን ቁጥር አለልህ፤ ከእሱ የተሻለ መለያ አታገኝም።

ቀጥሎ ቀን። 2017 ሲባል የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? ከሁለት ዓመት በኋላ ራስህም አታውቀውም። አንዱን ምረጥና ሁሉም ሰው በእሱ ብቻ ይጻፍ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ከጻፋችሁት ዝርዝሩ ራሱ በተራ ይሰለፋል። በፋይል ስም ላይ የእኛ አቆጣጠር ችግር የለውም። ኤክሴል ውስጥ ግን ተጠንቀቅ፤ ጥቅምት 30ን በቁጥር ብትጽፍለት በሁለተኛው ወር 30 ቀን የለም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም። ከዚያ በኋላ በቀን ልደርድር ስትል ትርምስ ነው። አንድ ዓመት ሒሳብ ስዘጋ በዚህ ምክንያት ሁለት ሌሊት አድሬአለሁ።

ሦስተኛ፣ መዝገቡ። የጭነት መከታተያ ኤክሴል አላችሁ አይደል? በቴሌግራም ነው የምትቀባበሉት? እንግዲያው «መዝገብ የመጨረሻ»፣ «መዝገብ የመጨረሻ 2» እና «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ፋይሎች እንዳሉህ ሳላይ አውቃለሁ።

የዶሴ ጠባቂ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡03

«እውነተኛው የመጨረሻ የሰኞ» የሚልም አለ።

ሒሳብ ሹሟ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

ቴሌግራም መልእክተኛ ነው፤ መዝገብ ቤት አታድርገው። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይወስዳል፣ ቦታ አያስከፍልም፣ ስለዚህ ሰው ይለምደዋል። ግን ከቡድኑ አውርደህ ስታስተካክል አዲስ ቅጂ ወለድክ እንጂ የነበረውን አላረምክም። ስካኑንም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጨምቆ ያደበዝዘዋል፤ እንደ ፋይል መላክ አለበት።

መዝገቡ ከኤክሴል ከሆነ ቦታው ዋንድራይቭ ነው ባይ ነኝ። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ከፍቶ ሲጽፍ ይተያያል። በድሮፕቦክስ ፎልደር ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ፋይል ቢያስተካክል ብዙ ጊዜ የሚገጥምህ «የተጋጨ ቅጂ» የሚል ሁለተኛ ፋይል ነው። ጉግልም የራሱ የሰንጠረዥ ፕሮግራም አለው፤ ለመተያየት እንዲያውም ቀዳሚው እሱ ነው፤ ግን ቀመር የበዛበትን የኤክሴል መዝገብ ወደ እሱ ስታዛውር አንዳንዱ ይሰበርብሃል።

ስም አልባው ጠበቃ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

አንድ ነገር ተረስቷል። የደንበኛ ፓስፖርት፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ የባንክ ወረቀት ይዘሃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰውን መረጃ የያዘ ሰው ኃላፊነት አለበት፤ መረጃን ከአገር ውጭ ስለማስተላለፍም የሚለው አለው። ጠበቃህን አማክር። ዛሬውኑ ማድረግ የምትችለው ግን «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» የሚለውን ማጋሪያ መዝጋት ነው። እንዲህ ያለ ሊንክ አንድ ጊዜ በቴሌግራም ከወጣ የት እንደሚደርስ አታውቅም። ለተጠቀሰ ኢሜይል ብቻ አጋራ።

የዶሴ ጠባቂ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡25

አሁን ፈትሼ 31 ክፍት ሊንክ አገኘሁ። ዘግቻቸዋለሁ። አንዱ የራሴ ፓስፖርት ነበር።

ክፍያውስ? አውስትራሊያ ያለ የአክስቴ ልጅ በካርዱ እከፍልልሃለሁ ብሎኛል።

የታይዋን ጠጋኝ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡50

እንግዲህ ተመልሰን መጣን። ፋይልህ በለቀቀው ልጅ ስም ነበር፤ አሁን ደግሞ ክፍያህን በአክስትህ ልጅ ስም ልታደርገው ነው። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍበት ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ለእሱ ነው፤ እሱ ተኝቷል፤ አንተ ድሬ ላይ ዲክላራሲዮን አልከፍት አለህ። ዘመድህን ውደደው፤ በዚህ ግን አታስገባው።

ሁለት መንገድ አለ። ባንክህን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ጠይቅ፤ የተለመደው የብር ካርድ እዚያ አይሠራም። ወይም ፈቃዱን አገር ውስጥ በብር ከሚሸጥልህ ድርጅት ግዛ፤ ደረሰኝም ታገኛለህ፤ ሒሳብ ሹሟ ደስ ይላታል። የማይክሮሶፍት ትንሹ የድርጅት ፈቃድ በሰው በወር ወደ 7 ዶላር ገደማ ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ቴራባይት አለው። ጉድለቱ፣ በዚያ ዋጋ ኤክሴልን የምትጠቀመው በብራውዘርና በስልክ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ከፍ ያለውን ክፍያ ይፈልጋል። ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት አለው፤ ግን የራሱን ሰርቨር ለሚያስተዳድር ይበልጥ ይመቻል።

በድርጅት ፈቃድ ውስጥ ሼርፖይንት የሚባል የጋራ መዝገብ ቤት ታገኛለህ። ፋይሎችህን እዚያ አስገባ፤ በየሰዉ ዋንድራይቭ ውስጥ አትተዋቸው። የጋራው የቢሮው ነው፤ ሠራተኛ ሲለቅ የእሱን በር ትዘጋለህ፣ ዶሴው ይቀራል። ጉግልም ከፍ ባለው የድርጅት ክፍያ ላይ ይህንኑ የሚመስል የጋራ ድራይቭ አለው።

እና ዋናው አስተዳዳሪ አካውንት በማን ስልክ ቁጥር እንደሚረጋገጥ አስብበት። ሱቄ በየሳምንቱ «ስልኬ ተሰረቀ፣ አካውንቴን ክፈትልኝ» የሚል ሰው ይመጣል፤ ልረዳው አልችልም፤ የማረጋገጫው ቁጥር የሚደርሰው በጠፋው ሲም ነው። በቢሮው ስም ሲም አውጣ፤ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ሹም፤ የመግቢያውን መጠባበቂያ ዘዴ በወረቀት አትመህ ካዝናህ ውስጥ አስቀምጥ።

የደቻቱ ማዶ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡10

ካዝናው ምድር ቤት ነው ፎቅ?

የዶሴ ጠባቂ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡18

አባባ፣ ምድር ቤት ነው። ነገ ፎቅ ይወጣል።

የዶሴ ጠባቂ — ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ከምሽቱ 3፡30

ላልጠየቃችሁኝም ልንገራችሁ። የማይክሮሶፍቱን የድርጅት ፈቃድ ለአምስት ሰው በብር ገዛን። በደንብ ለመናገር፣ ጉግልን የሠራተኞቼ ስልክ ይበልጥ ለምዶት ነበር፤ የወሰነልን መዝገቡ ነው። ደወሌ ያለው ልጅ ጭነት ሲያልፍ ይጽፋል፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ሲጽፍ እያየሁት የፊደል ስህተት አርሜበት ደንግጦ ደወለልኝ።

ፋይሉን ማጓጓዙ አምስት ሌሊት ፈጀ። 40 ያልነው ድጋሚዎቹን ስንሰርዝ 26 ሆነ። ስሙን በዲክላራሲዮን ቁጥር ማስጀመሩ ግን ገና አላለቀም፤ አዲስ አበባ ያለችው ልጅ «የድሮውን ማን ይቀይረዋል?» ብላ ተቆጥታለች፤ ከመስከረም ወዲህ ያለውን ብቻ ተስማማን። ቴሌግራሙ ለወሬ ቀርቷል። ሀርድ ዲስኩ አርብ አርብ ይገለበጥና ባለቤቴ ሳቢያን ወደ እህቷ ቤት ይዛው ትሄዳለች።

የቀረው አንድ ነገር ነው። በለቀቀው ልጅ ስም ያሉ 11 ፎልደሮች አሉ። አውርደን በቢሮው ስም ልንጭናቸው ስንል አንዳንዱን ለማየት እንጂ ለማውረድ አልተፈቀደልንም፤ ማስተካከያው በእሱ እጅ ነው። ቅዳሜ ለቡና ጠርቼዋለሁ።

ሒሳብ ሹሟ — ከምሽቱ 3፡41

ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ይምጣ በለው።

የዶሴ ጠባቂ — ከምሽቱ 3፡44

ብዬዋለሁ። የይለፍ ቃሉንም ከቤቱ ሳይወጣ እንዲያስታውስ።